ሁለት ዳኮችን በትክክል ማወዳደርና አሮጌውን መተካት፦ ዝርዝር መመሪያ

አዲስ ዳክ፣ ማለትም የዲጂታል ድምፅ መለወጫ፣ ከአሮጌው ጋር አወዳድረው ፍርድ ከሚሰጡ ሰዎች ብዙዎቹ የሚፈርዱት በዳኮቹ ላይ ሳይሆን በቮሊዩም ልዩነት ላይ ነው። አንደኛው መሣሪያ በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ያሰማል፤ ጆሮም ከፍ ያለውን «የጠራ»፣ «ሰፊ»፣ «ነፍስ ያለው» ብሎ ይቀበለዋል። ሌሎቹ ደግሞ ኮምፒውተሩ ድምፁን መንገድ ላይ እየለወጠባቸው መሆኑን ሳያውቁ ጥፋቱን በዳኩ ላይ ያሳብባሉ። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይሥሩ፤ አንዱን ከዘለሉ የሚቀጥለው የሚሰጥዎት ውጤት አይታመንም።

ዳክ የምንለው ከኮምፒውተር፣ ከስልክ፣ ከሲዲ ማጫወቻ ወይም ከቴሌቪዥን የሚወጣውን ዲጂታል ድምፅ አምፕሊፋየር ወደሚቀበለው አናሎግ ሞገድ የሚለውጠውን መሣሪያ ነው። በስልክና በኮምፒውተር ውስጥ አብሮ ተሠርቶ ይገኛል፤ ራሱን ችሎም በሳጥን ይሸጣል።

ደረጃ 1፦ ጥፋቱ የዳኩ መሆኑን ያረጋግጡ

ሙዚቃውን ያቁሙ። ቮሊዩሙን ዘወትር በሚያዳምጡበት መጠን ላይ ይተዉትና ጆሮዎን ወደ ስፒከሩ ያስጠጉ። «ሽሽሽ» ወይም «እምምም» የሚል ድምፅ ከሰሙ እንዲህ ያድርጉ።

1. አምፕሊፋየሩን ያጥፉ።
2. ከዳኩ የሚመጡትን ገመዶች በአምፕሊፋየሩ በኩል ይንቀሉ። በዳኩ በኩል ብቻ ከነቀሉ፣ አምፕሊፋየሩ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ገመድ ራሱ በአካባቢው ካለው የኤሌክትሪክ መስመር ድምፅ ይስባል፤ ሙከራውም ያሳስትዎታል።
3. አምፕሊፋየሩን መልሰው ያብሩና ያዳምጡ።

ድምፁ አሁንም ካለ የሚያመነጨው አምፕሊፋየሩ ነው፤ ዳክ በመቀየር አይጠፋም። ከጠፋ ግን ምንጩ ዳኩ፣ ገመዱ ወይም ኮምፒውተሩ ነው።

ቅሬታዎ የተድበሰበሰ ባስ ወይም ከአንድ መቀመጫ በስተቀር የማይሰማ የዘፋኝ ድምፅ ከሆነ፣ ስፒከሮቹን ከግድግዳና ከክፍሉ ጥግ እያራቁ አስቀድመው ይሞክሩ። የስፒከሮች አቀማመጥና የክፍሉ ቅርጽ ድምፁን በብዙ ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ቮሊዩማቸው እኩል ሲሆን በደንብ በተሠሩ ሁለት ዳኮች መካከል ያለው ልዩነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዴሲቤል በጣም ያነሰ ነው። ለዳክ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ለስፒከር መዋል የነበረበት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ዳክ ለመቀየር በቂ ምክንያት የሚሆኑት የሚከተሉት ናቸው፦ በኮምፒውተሩ የድምፅ መውጫ በኩል የሚሰማ ጩኸት፣ አምፕሊፋየሩን ወይም የጆሮ ማዳመጫውን በአግባቡ የማይነዳ ደካማ መውጫ፣ የሚፈልጉት መግቢያ አለመኖሩ፣ የሚቆራረጥ ግንኙነት፣ ወይም ያለ ምቹ የቮሊዩም መቆጣጠሪያ መቸገር።

ደረጃ 2፦ የሚያወዳድሩትን ይምረጡ

በዚህ ላይ ብዙ አይጨነቁ። የመሣሪያውን ዝርዝር መግለጫ ሲያነቡ አራት ነገሮችን ብቻ ይፈልጉ።

የመውጫ ቮልቴጅ፦ ቀይና ነጭ በሆነው የአርሲኤ መውጫ የተለመደው 2 ቮልት ነው፤ በባላንስድ ኤክስኤልአር (ባለሦስት እግር ክብ መሰኪያ) ደግሞ 4 ቮልት ነው። በስልክ ላይ የሚሰኩ ትንንሽ ዳኮች ብዙ ጊዜ 1 ቮልት አካባቢ ይሰጣሉ።

የጥራት ልኬት፦ የድምፅና የጫጫታ ንጽጽሩ ከ110 ዴሲቤል በላይ ከሆነ ለቤት ከበቂ በላይ ነው። 16 ቢት የሆነው ሲዲ ራሱ የሚይዘው 96 ዴሲቤል ገደማ ነው። 24 ቢት በሒሳብ 144 ዴሲቤል ቢደርስም፣ በተግባር ይህን የሚያሟላ ዳክ የለም።

የጆሮ ማዳመጫ መውጫ ኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ)፦ ከማዳመጫው ኢምፒዳንስ ስምንተኛ እጅ ባይበልጥ ይመረጣል። ለ32 ኦም ማዳመጫ ይህ 4 ኦም ነው።

መግቢያዎች፦ ያለዎት ማጫወቻ የሚያወጣው ዩኤስቢ ነው፣ ኦፕቲካል ነው ወይስ ኮአክሲያል? ከዚህ ጋር ይግጠም።

በቺፑ ስም ብቻ አይግዙ። አንድ ዓይነት ቺፕ በጥሩ የኃይል አቅርቦትና በጥሩ የአናሎግ ክፍል ሲከበብ አንድ ውጤት ይሰጣል፤ በችኮላ በተሠራ ሰሌዳ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ሌላ። «768 ኪሎኸርዝ ይደግፋል» የሚለው ጽሑፍም (ቁጥሩ በሰከንድ የሚወሰዱት የድምፅ ናሙናዎች ብዛት በሺህ ነው) በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳ ሙዚቃን አያሻሽልም። ስለ መመለስ ግን ሻጩን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ይህ ሙከራ መሣሪያውን መልሰው እንዲሰጡ ሊያደርግዎት ይችላል።

ደረጃ 3፦ ዕቃዎቹን ያሰናዱ

• ተለዋዋጭ ቮልቴጅን ቢያንስ እስከ ሁለት ዲጂት ክፍልፋይ የሚያነብ መልቲሜትር።
• ከ100 እስከ 400 ኸርዝ ባለው ውስጥ የሆነ አንድ ወጥ የሙከራ ድምፅ ፋይል። ርካሽ መልቲሜትሮች ከዚህ በላይ ባለ ድግግሞሽ ላይ ንባባቸው ስለሚዛባ 1000 ኸርዝ አይጠቀሙ።
• ሁለቱን ዳኮች ከአንድ አምፕሊፋየር ጋር የሚያገናኝ የአርሲኤ መምረጫ ሳጥን፣ ወይም ሁለት ነጻ መግቢያ ያለው አምፕሊፋየር።
• በደንብ የሚያውቋቸው፣ ያልተጨመቁ ሦስት ወይም አራት ቅጂዎች፦ ብቻውን የሚሰማ የሰው ድምፅ፣ ጸናጽል የበዛበት ከበሮ፣ ብዙ መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚጫወትበት ክፍል፣ ቀስ እያለ ወደ ጸጥታ የሚወርድ መጨረሻ።
• አንድ ረዳት ሰው። ያለ እሱ ደረጃ 7 አይሠራም።

ደረጃ 4፦ የዲጂታሉን መንገድ ያጽዱ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

1. በማጫወቻ ፕሮግራሙም ሆነ በኮምፒውተሩ ቅንብር ውስጥ ያለውን ኢኳላይዘር (ባስና ቀጭን ድምፅ ማመጣጠኛ)፣ የድምፅ ማሻሻያ፣ የዙሪያ ድምፅ ማስመሰያና የዘፈኖችን ቮሊዩም የሚያስተካክለውን ተግባር በሙሉ ያጥፉ።

2. የኮምፒውተሩን ዋና ቮሊዩም 100 በመቶ ላይ ያድርጉ። በዚህ ጊዜ አምፕሊፋየሩ ዝቅ ብሎ መቀመጡን ያረጋግጡ።

3. የናሙና ፍጥነቱን ከፋይሉ ጋር ያዛምዱ። ፋይሉ 44.1 ኪሎኸርዝ ሆኖ ዊንዶውስ በ48 ላይ ከተቀመጠ፣ እያንዳንዱን ናሙና እንደገና አስልቶ ይልካል። በዊንዶውስ ላይ በድምፅ ቅንብሮች ውስጥ የዳኩን ባሕርያት ይክፈቱና ትክክለኛውን ፍጥነት ይምረጡ። ከዚህ የተሻለው ግን ዳኩን ለብቻው የሚቆጣጠር ማጫወቻ መጠቀም ነው፤ ዋሳፒ በሚባለው መንገድ ለብቻ መያዝን የሚፈቅዱ ፕሮግራሞች የዊንዶውስን ማደባለቂያ አልፈው ይሄዳሉ። በማክ ላይ ፍጥነቱን የሚለውጡት ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ በሚባለው ፕሮግራም ነው። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ሁሉንም ድምፅ ወደ 48 ኪሎኸርዝ ስለሚለውጡ የራሱ የዩኤስቢ ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያሠራ ፕሮግራም) ያለው ማጫወቻ ያስፈልጋቸዋል።

4. ያረጋግጡ። ዳኩ ማሳያ ወይም ባለቀለም መብራት ካለው በ44.1 እና በ96 ኪሎኸርዝ የተቀዱ ሁለት ፋይሎችን በተራ ያጫውቱ። ቁጥሩ ወይም ቀለሙ አብሮ ካልተለወጠ መሐል ላይ የሚነካው ነገር አለ። በጥሩ ፕሮግራም የተሠራ የፍጥነት ለውጥ በጆሮ እምብዛም አይለይም፤ ሆኖም አንዱ ዳክ የተለወጠውን ሌላው ያልተለወጠውን እየተቀበለ ማወዳደር ትርጉም የለውም።

5. ብሉቱዝን ይተዉ። ብሉቱዝ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ጨምቆ ስለሚልክ የሚያወዳድሩት ዳኮቹን ሳይሆን የመጭመቂያ ዘዴዎቹን ይሆናል።

6. ምንጭዎ ቴሌቪዥን ከሆነ የዲጂታል ድምፅ መውጫውን ወደ ፒሲኤም (ያልተጨመቀ ዲጂታል ድምፅ) ይቀይሩ። ቴሌቪዥኑ ዶልቢ (የተጨመቀ የዙሪያ ድምፅ) የሚልክ ከሆነ ባለሁለት ቻናል ዳክ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ጩኸት ያወጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ አምፕሊፋየርዎ ለቤት ቲያትር የተሠራ ሪሲቨር ከሆነ፣ በአናሎግ መግቢያው የገባውን ድምፅ መልሶ ወደ ዲጂታል ለውጦ በራሱ ውስጣዊ ዳክ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም ዳኮች የሚሰሙት በሪሲቨሩ ዳክ በኩል ይሆናል። «ፒዩር ዳይሬክት» ወይም «ዳይሬክት» የሚለውን ምርጫ ያብሩ። ይህ ምርጫ ከሌለ ሙከራውን በሌላ አምፕሊፋየር ያድርጉ።

ደረጃ 5፦ ያገናኙ

1. ሁሉንም መሣሪያ ያጥፉ፤ አምፕሊፋየሩን ከሁሉም አስቀድመው።
2. በዊንዶውስ የሚጠቀሙ ከሆነና አምራቹ ድራይቨር ካዘጋጀ፣ ዳኩን ከመሰካትዎ በፊት ይጫኑት። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አብዛኞቹን ዘመናዊ የዩኤስቢ ዳኮች ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቃል፤ ማክና ሊኑክስም እንዲሁ።
3. ዩኤስቢውን በኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ይሰኩ። በማከፋፈያ በኩል አያሳልፉ፤ ገመዱም አጭር ይሁን።
4. ኦፕቲካል ገመድ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ያውልቁ፤ «አልገባም አለኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ ይህችን የረሱ ናቸው። ገመዱን በሹል ማዕዘን አይጠፉት፤ ውስጡ ይሰበራል። ለኮአክሲያል ደግሞ 75 ኦም ገመድ ይጠቀሙ።
5. ሁለቱንም ዳኮች በአንድ ዓይነት መውጫ ያገናኙ። አንዱን በአርሲኤ ሌላውን በኤክስኤልአር ካደረጉ የ6 ዴሲቤል ልዩነት ይፈጠራል።
6. ማጣሪያ (ከሚሰማው ድግግሞሽ በላይ ያለውን የሚቆርጥ የዳኩ ክፍል) መምረጥ የሚቻልባቸው ከሆኑ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ማጣሪያ ላይ ያድርጉ። ቀስ ብሎ የሚያወርድ ማጣሪያ ከፍተኛውን ድግግሞሽ ይቀንሳል። ማጣሪያ የሌላቸው ዳኮች ደግሞ በ44.1 ኪሎኸርዝ ቅጂ ላይ 20 ኪሎኸርዝ ሲደርሱ ወደ 3 ዴሲቤል ያህል ይወርዳሉ።
7. መጀመሪያ ማጫወቻውን፣ ቀጥሎ ዳኩን፣ መጨረሻ አምፕሊፋየሩን ያብሩ። ሲያጠፉ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡ። ይህን ካልጠበቁ ዳኩ ሲበራ የሚያወጣው ምት በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ያርፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የቮሊዩም መቆጣጠሪያ ከሌለው አምፕሊፋየር ጋር ዳክን በቀጥታ የሚያገናኙ ከሆነ፣ ገመዱን ከመሰካትዎ በፊት የዳኩን ቮሊዩም ወደ ዝቅተኛው ያውርዱና መውጫው ተለዋዋጭ እንጂ ቋሚ አለመሆኑን ያረጋግጡ። በሙሉ 2 ቮልት የሚጀምር ሙዚቃ ስፒከር ያቃጥላል፤ ጆሮም ይጎዳል።

ደረጃ 6፦ ቮሊዩሙን በመልቲሜትር እኩል ያድርጉ

በጆሮ እኩል ማድረግ አይቻልም። ጆሮ እንደ ቮሊዩም የማይለየውን ትንሽ ልዩነት እንደ ጥራት ይቀበለዋል፤ ንጽጽሩን የሚያበላሸውም ይኸው ነው።

1. አምፕሊፋየሩን ያጥፉ። የመጀመሪያውን ዳክ ገመድ በአምፕሊፋየሩ በኩል ይንቀሉ።
2. መልቲሜትሩን በተለዋዋጭ ቮልቴጅ ላይ ያድርጉ።
3. የሙከራውን ድምፅ ያጫውቱ። አንዱን መለኪያ በአርሲኤው መካከለኛ ዘንግ ላይ፣ ሌላውን በውጭው ቀለበት ላይ ያሳርፉ። ሁለቱ መለኪያዎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ይጠንቀቁ።
4. የግራውንም የቀኙንም ንባብ ይጻፉ።
5. በሁለተኛው ዳክ ላይ ይድገሙ።
6. ከፍ ያለውን ዝቅ ያድርጉ፤ ዝቅ ያለውን ከፍ ለማድረግ አይሞክሩ።

ልዩነቱ ከ1 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ይህ ከ0.1 ዴሲቤል በታች ነው። አንዱ 2.00 ቮልት ካነበበ ሌላው በ1.98 እና በ2.02 መካከል ይሁን። ማስተካከያ ሳይደረግ አንዱ 2.00 ሌላው 2.30 ቢሰጥ ልዩነቱ 1.2 ዴሲቤል ነው። ሁለቱም ቮልቴጆች በመግለጫ ወረቀት ላይ «2 ቮልት አካባቢ» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ፤ በማዳመጥ ጊዜ ግን 2.30 ቮልት ያለው ብዙ ጊዜ ያሸንፋል።

ዝቅ የማድረጊያው ቦታ ያሳስባል። ዳኩ የራሱ ቮሊዩም ካለው በእሱ ያስተካክሉ። ቮሊዩሙ በግማሽ ዴሲቤል እየዘለለ አልገጥም ካለ፣ በማጫወቻው ውስጥ በ0.1 ዴሲቤል የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ። ሁለቱም ዳኮች ከአንድ ማጫወቻ በአንድ ጊዜ የሚመገቡ ከሆነ ግን በማጫወቻው መቀነስ ሁለቱንም ዝቅ ስለሚያደርግ ልዩነቱ አይጠብም። ያን ጊዜ በአንዱ ዳክ መውጫ ላይ ትንሽ የአናሎግ ቮሊዩም መቆጣጠሪያ ያስገቡ፣ ወይም ለእያንዳንዱ ዳክ የየራሱን ቅንብር አስቀምጠው በተራ ያጫውቱ።

ንባቡ የሚዋዥቅ ከሆነ የሚጫወተው የሙከራው ድምፅ እንጂ ሙዚቃ አለመሆኑን፣ ሌላ ፕሮግራምም ድምፅ አለማውጣቱን ያረጋግጡ። ግራና ቀኙ ከተለያዩ የዳኩን የሚዛን ቅንብር ይመልከቱ፤ ያ ካልሆነ መሣሪያው ጉድለት አለበት።

ደረጃ 7፦ ሳያውቁ ይፈትኑ

የትኛው ዳክ እየሠራ እንደሆነ ካወቁ ፍርድዎን ዋጋውና መልኩ ያደርጉልዎታል። ይህ በሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል፤ ልምድ ያለው አድማጭም አያመልጠውም።

1. መጀመሪያ እያወቁ፣ ልዩነት የተሰማዎት የመሰለዎትን 10 ወይም 15 ሰከንድ የሚሆን ክፍል ይምረጡ። የጆሮ ትዝታ አጭር ስለሆነ ሙሉ ዘፈን እየሰሙ ማወዳደር አይጠቅምም።
2. ረዳትዎ ከኋላዎ፣ መሣሪያዎቹን እርስዎ በማያዩበት ቦታ ይቀመጥ።
3. ረዳቱ ሳንቲም ወርውሮ የትኛው ዳክ እንደሚጫወት ይወስን፤ ውጤቱን ለብቻው ይጻፍ፤ ምንም አይናገር።
4. ዳኩ ባይለወጥም እንኳ ረዳቱ መምረጫውን ወዲያና ወዲህ ያዙር፤ አለበለዚያ የቁልፉ ድምፅ መልሱን ይነግርዎታል።
5. በእያንዳንዱ ጊዜ ሙዚቃውን አቁሞ ከዚያው ቦታ ያስጀምር። ሁለት ዳኮች እኩል አይዘገዩም፤ እየተጫወተ ከተቀየረ የሚሰማው መንሸራተት ማንነታቸውን ያጋልጣል።
6. እርስዎም መልስዎን ይጻፉ። 16 ጊዜ ይድገሙ፤ ከደከምዎት ያርፉና ይቀጥሉ።

ከ16ቱ 12ቱን ወይም ከዚያ በላይ በትክክል ከለዩ ልዩነቱ እውነተኛ ነው ብሎ ለመያዝ የሚያበቃ ማስረጃ አለዎት፤ በግምት ብቻ ይህን ያህል ማግኘት ከ100 ጊዜ 4 ጊዜ ያህል ነው የሚያጋጥመው። 8 ወይም 9 ካገኙ በሳንቲም ከመወራረድ አይለይም። ይህ ጆሮዎ ደካማ ነው ማለት አይደለም፤ በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል በቤትዎ ውስጥ የሚሰማ ልዩነት አልታየም ማለት ነው። ውጤቱን እያዩ ሙከራውን እስኪያሸንፉ ድረስ ደጋግመው አይቀጥሉ፤ የሙከራውን ብዛት ከመጀመርዎ በፊት ይወስኑና እዚያው ያቁሙ።

ልዩነቱ ለመለየት ቀላልና ግልጽ ሆኖ 16ቱንም ካገኙ ከመደሰትዎ በፊት ወደ ደረጃ 6 ይመለሱ። ይህን ያህል የሚለይ ነገር ብዙውን ጊዜ ቮሊዩም፣ የተረሳ ኢኳላይዘር ወይም የተበላሸ መሣሪያ ነው።

ደረጃ 8፦ ይወስኑና ይተኩ

ልዩነት ካልለዩና በደረጃ 1 ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱም ከሌለ፣ አዲሱን የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ይመልሱ። ጩኸት ካጠፋልዎት ወይም የጎደለውን መግቢያ ከሰጠዎት ግን ያስቀሩት፤ ለዚህ ስውር ሙከራ አያስፈልግም።

ለመተካት፦ አሮጌውን ይንቀሉ፤ ድራይቨሩን ከኮምፒውተሩ ያስወግዱ፤ አዲሱን በነባሪ የድምፅ መውጫነት ይምረጡ፤ በደረጃ 4 ያሉትን ቅንብሮች እንደገና ይፈትሹ። አዲስ መሣሪያ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ፍጥነቱንና ማሻሻያዎቹን ወደ ነበሩበት ሊመልስ ይችላል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ምንም ድምፅ የለም፦ በኮምፒውተሩ ላይ የተመረጠው መውጫ ዳኩ መሆኑን፣ በዳኩ ላይ የተመረጠው መግቢያ ገመዱ የገባበት መሆኑን ይመልከቱ። ከቴሌቪዥን ከሆነ ፒሲኤምን ያስታውሱ።

«እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ፦ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው መሣሪያዎቹ በተለያየ መንገድ ከኧርዝ ጋር ተገናኝተው የኤሌክትሪክ ቀለበት ሲሠሩ ነው። ሁሉንም በአንድ የሶኬት ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ። ካልጠፋ ከምንጩ ወደ ዳኩ በኦፕቲካል ያገናኙ፤ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ቀለበቱን ይቆርጠዋል። የመሰኪያውን የኧርዝ እግር በመስበር ወይም በመሸፈን ድምፁን ለማጥፋት ከቶ አይሞክሩ፤ ሕይወት ያጠፋል።

የኮምፒውተሩ ማውስ ሲንቀሳቀስ ወይም ጨዋታ ሲከፈት የሚለዋወጥ ቀጭን የፉጨት ድምፅ፦ ከኮምፒውተሩ በዩኤስቢ መስመር የሚመጣ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅለው ይሞክሩ፤ ከጠፋ ምክንያቱ ታውቋል። መፍትሔው ኦፕቲካል ወይም የዩኤስቢ መነጠያ (አይሶሌተር) ነው፤ የበለጠ ውድ ዳክ ችግሩን ላይፈታው ይችላል።

መቆራረጥና «ቀጭ ቀጭ» ማለት፦ በማጫወቻው ውስጥ የመጠባበቂያውን (በፈር) መጠን ከፍ ያድርጉ፤ የዩኤስቢ ቀዳዳውንና ገመዱን ይቀይሩ። በኦፕቲካል ከሆነ 192 ኪሎኸርዝን ወደ 96 ያውርዱ፤ ብዙ ገመዶችና መግቢያዎች ከዚያ በላይ አይችሉም።

ጮክ ባሉ ቦታዎች ላይ መሰንጠቅ፦ የማጫወቻውን ቮሊዩም በ3 ዴሲቤል ይቀንሱ። እስከ ጫፍ የተገፉ ዘመናዊ ቅጂዎች በዳኩ ማጣሪያ ውስጥ ከወሰን ሊያልፉ ይችላሉ። አሁንም ከተሰነጠቀ የዳኩ መውጫ ለአምፕሊፋየሩ መግቢያ በዝቶበት ይሆናል፤ ዳኩ ዝቅተኛ የመውጫ ምርጫ ካለው ይጠቀሙበት።

ከአንድ ጎን ብቻ መስማት፦ አምፕሊፋየሩን አጥፍተው የግራና የቀኝ ገመዶችን በዳኩ በኩል ያቀያይሩ። ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከተሻገረ ጥፋቱ ከዳኩ ወይም ከእሱ በፊት ካለው ነው። እዚያው ከቀረ ገመዱን፣ አምፕሊፋየሩንና ስፒከሩን በዚሁ ዘዴ በተራ ይፈትሹ።